በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ

በዚያ ቤት ውስጥ ደስታ ነበር ብል የሚያምነኝ ይኖር ይሆን? ነበር! ያውም ገና ሳይነጋጋ የሚንጫጫ፣ ካልሲ የሚሻማ፣ ሻይ የሚደፋ፣ "ማበጠሪያውን የት አደረጋችሁት!" እያለ የሚጮህ ደስታ! ቤቱ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ግቢ ነው። በፊተኛው ክፍል እናት የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አስጠግታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ በኋለኛው ክፍል አምስት ሰው ይተኛል። አባት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሥራው ቤት ድረስ ስለሚከተለው ልጆቹን ለቁርስ የሚጠራው "ከኋላ ያላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ! በር ላይ አትቁሙ!" እያለ ነበር። ትልቋ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው፤ ሥራዋን ሲጠይቋት "የሁለት ሕፃናት ኃላፊ ነኝ" ትላለች። መካከለኛው ወንድ ልጅ ሰባት ሞልቶታል። ትንሿ ሦስት ዓመቷ ሲሆን ሚጢጢ ይሏታል፤ ቁመቷ ከስፌት መኪናው ፔዳል ብዙም አይበልጥም፣ ድምጿ ግን ከመኪናው ይበልጣል።

ልጁ አንደኛ ክፍል የሚገባበት ቀን ዋዜማ ዩኒፎርሙን ለብሶ ተኛ። እናቱ "ይጨማደዳል እኮ አንተ!" ብትለው "ሳልገላበጥ ነው የምተኛው" ብሎ አሳመናት፤ እውነትም አልተገላበጠም። ጠዋት ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ በር ላይ ቆመ። ሚጢጢ "እኔም! እኔም!" እያለች ቦርሳው ላይ ተንጠለጠለች፤ እህቱ አላቀቀቻት፤ አባት ጥሩምባ የሚነፋ መስሎ ግቢውን በ"ፓ! ፓ! ፓ!" ሞላው። እናት ክር በጥርሷ እንደያዘች ከመስኮቷ ሆና አየቻቸው። ያን ቀን አንድ ሰው መጥቶ "ምን የጎደለሽ ነገር አለ?" ቢላት ኖሮ ብዙ አስባ "ሰማያዊ ክር" ትል ነበር። ዕድል ግን እንዲህ ያለውን ቤት አልፎ ይሄዳልን? አያልፍም! አንኳኩቶም አይገባም…

ትምህርት ቤቱ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች በመልኩ አይለይም። ረጃጅም ክፍሎች፣ ሲነካካ እጅ ላይ የሚቀር ኖራ፣ አንድ የውኃ ቧንቧና ቧንቧው ላይ የሚጋፋ ሁለት መቶ ልጅ። የሚለየው በአንዲት ሴት ነው። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደሞዝ ክፍሉ ብቻ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ጭብጨባ ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በአንዲት ደንብ ምክንያት ነው። በሷ ክፍል አንድ ነገር ተሰብሮ፣ ፈስሶ ወይም ጠፍቶ ሲገኝ "ማነው?" ብላ ትጠይቃለች። ያጠፋው ልጅ ተነሥቶ "እኔ ነኝ" ካለ ክፍሉ በሙሉ ያጨበጭብለታል! ዱላ የለ፣ ጆሮ መቆንጠጥ የለ። ከዚያ "በል ጎበዝ፣ እንዴት እንደምናስተካክለው ንገረን" ትለዋለች፤ ያስተካክላሉ፤ አለቀ። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ቂም የሚባል ነገር ይዞ የሚወጣ ልጅ አልነበረም።

ደንቡ ጥሩ ነበር፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ጥሩ ነበር። ጭብጨባ ጣፋጭ ነገር ስለሆነ ያላጠፉት ልጆችም ይቀኑ ጀመር። አንድ ሰኞ የመስኮት መስታወት ተሰንጥቆ ተገኘና "ማነው?" ብትል አሥራ አንድ ልጅ ተነሣ። ከአሥራ አንዱ አንዱ ሳምንቱን በሙሉ ታሞ ቤቱ የነበረ ነው። ቲቸር ጭብጨባ ሳቋን በጠመኔ ማጥፊያው ሸፍና አሰበች፤ አሰበችና ሁለተኛ ጥያቄ ጨመረች፦ "በየትኛው እጅህ?" የሠራው ሰው እጁ ያስታውሳል፤ ያልሠራው ግን መጀመሪያ እጁን ያያል፣ ከዚያ ጣሪያውን ያያል፣ ከዚያ ይቀመጣል። አሥሩ ተቀመጡ።

የሾፌሩ ልጅ ከሁሉም የባሰ ነበር። እውነተኛ ጥፋቱንም የሰውን ጥፋትም እኩል ይወዳል። እርሳሱ የጠፋበት ልጅ ሲያለቅስ ካየ፣ አንዲት ልጅ ውኃ ደፍታ ስትንቀጠቀጥ ካየ፣ አያስችለውም፤ ብድግ ብሎ "እኔ ነኝ ቲቸር!" ይላል። አንድ ቀን በሰልፍ ሰዓት ዝናብ ዘንቦ ሁሉም ሲሯሯጥ እጁን ሊያወጣ ሲቃጣው ታይቷል ይባላል። ልጆቹ እኔነኝ ብለው ስም አወጡለት፤ ስሙም ተጣብቆበት ቀረ። እኔነኝ ግራኝ ነው። በግራው ይጽፋል፣ በግራው ይወረውራል፣ አፍንጫውንም በግራው ነው የሚጎረጉረው። ሌላ ትምህርት ቤት ቢሆን ጣቱን እየመቱ ቀኝ ያደርጉት ነበር። ቲቸር ጭብጨባ ግን ክርኑ ከጎረቤቱ ክርን እንዳይጋጭ በአግዳሚ ወንበሩ ግራ ጫፍ አስቀመጠችውና "ይሄ ቦታ ያንተ ነው፣ ማንም አይነካብህም" አለችው። ያን ቀን ቤቱ በሩጫ ገብቶ "እማዬ! እማዬ! ቦታ አለኝ!" ብሎ ጮኸ። እናቱ መሬት ተሰጥቶት የመጣ መስሏት መርፌዋን ጣለች።

አወይ ያ ዓመት! ምነው እዚያው ላይ በቆመ!

ቀኑ ረቡዕ ነበር። አባት ሥራ ላይ፣ ትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት። እኔነኝ ለምሳ መጥቶ የቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ "ለ" ፊደልን እግሮቿን አስተካክሎ ለመጻፍ ይታገላል። ሚጢጢ አጠገቡ የተጣሉ ቁልፎች በክር ትሰካለች። አንዲት ደንበኛ የልጇን ዩኒፎርም ተቀብላ ሄደች፤ ጥቂት ቆይቶ እናት ጠረጴዛው ላይ ቀበቶው ቀርቶ አየችው። "ውይ ረሳችው!" ብላ ብድግ አለች። በግራ ክንዷ የተቆረጡ ጨርቆች ታቅፋ ስለነበር በቀኝ እጇ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ስባ ከፈተች፤ ወጣች፤ ጥግ ድረስ ሮጣ ሰጠቻትና ተመለሰች። ስትመለስ ቤት ውስጥ ካውያው እየጋለ መሆኑን አስታውሳ በቀጥታ ወደ ውስጥ ሮጠች። በሩን አልዘጋችውም። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ሁላችንም በሕይወታችን ሺህ ጊዜ ያደረግነው ነገር ነው…

ጥቂት ቆይቶ ውጭ መንገዱ ላይ አንድ የውኃ ቦቴ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ሾፌሩ ምንም አላየም። እንዴት ያያል? ሚጢጢ እኮ ከጎማው ታንሳለች!

እናት ጩኸት ሰምታ ስትወጣ፣ ልጇን ከመንገድ ላይ ስታነሣ፣ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ሲከብባት፣ ከአፏ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር። "ማነው? ማነው በሩን የከፈተው? ማነው?" እያለች ፊቶቹን ሁሉ በየተራ አየች። ጥያቄው ስለት ነበረው፤ የሚቆርጠውን ሰው እየፈለገ ነበር። ደረጃው ላይ የነበረው የሰባት ዓመት ልጅ መልሱን ያውቀዋል፤ በዓይኑ ነው ያየው። የእናቱንም ፊት አየ። ከዚያ ተነሣ።

"እኔ ነኝ" አለ።

ብሎም ቆመ። ጠበቀ። የሰዎቹን እጆች አንድ በአንድ ተመለከተ። ማንም አላጨበጨበም።

ከቀብሩ በኋላ እናት ልጇን አልመታችውም። ምነው በመታችው! ማናገር ተወች እንጂ። የምትለው ነገር ሲኖር በትልቋ ልጅ በኩል ታስተላልፋለች። ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ከበው ሳለ "ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ንገሪው" ትላለች። ልጅቷም ክንዷ ከክንዱ ጋር እየተነካካ "ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ" ትለዋለች። "እሺ በያት" ይላል። "እሺ ብሏል እማዬ።" የማያውቅ ሰው ቢገባ ሦስቱም ከተለያየ አገር የመጡ እንግዶች ይመስሉት ነበር። ልጅቷ ቤት ከሌለች እናት ለስፌት መኪናዋ ትነግራለች፤ "ምሳ ቀርቧል" ትለዋለች መኪናውን፣ መኪናው ግን አይበላም፤ ልጁ ይበላል። ዩኒፎርም መስፋትም ተወች። "ከዛሬ ወዲያ ትንንሽ ልብስ እጄ አይነካም" ብላ መጋረጃ ብቻ ትሰፋ ጀመር። አባትስ? አባት የከተማውን መስመር ትቶ ረጅም መስመር ጠየቀ። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ይመጣ ነበር፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ መልእክት ብቻ መጣ። በመጨረሻ የመጣው ሌላ ሾፌር ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ በር ላይ ሲቆም ሁሉም ገባቸው። መንገድ ላይ ታሞ፣ መንገድ ላይ ሞቶ፣ መንገድ ላይ ተቀብሯል። አንድ በር ክፍት ቀርቶ ስንት ሰው ወጣበት!

እውነቱ ግን የት ገባ? እናት አታውቅም ነበርን? አንጀት የሚበላው ጥያቄ ይኸው ነው። ሰው የማይችለውን ነገር ሲያውቅ ዕውቀቱን ወስዶ የሆነ ቦታ ይቀብረዋል፤ የቀበረበትንም ይረሳል። እሷም ቀበረችው። ልጇ "እኔ ነኝ" ሲላት አካፋውን ያቀበላት እሱ ነው።

አንድ ሰው ብቻ የጠረጠረ ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት በተመለሰ ቀን ቲቸር ጭብጨባ ልጆቹ ሁሉ እስኪወጡ ጠብቃ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ሰማሁ" አለችው። "በሩን ማን ከፈተው ልጄ?"

"እኔ ነኝ።"

"በየትኛው እጅህ?"

እጁን አላየም። ጣሪያውንም አላየም። "በቀኜ" አላት ቀጥ ብሎ።

በግራው ካልሆነ ዝንብ እንኳ የማያባርር ልጅ! ቲቸር ጭብጨባ የሌላ ሰው እጅ እንዳየ ገባት። የዚያን ቀን ተነሥታ ወደ ቤታቸው መሄድ ነበረባት። አልሄደችም። የሰው ሐዘን ውስጥ በየትኛው እጅ እያሉ መግባት ነውር መሰላት፤ እናቱ ራሷ ትደርስበታለች አለች፤ ቢበዛ ሳምንት ነው አለች። በቀጣዩ ሳምንት ሌላ መስታወት ተሰበረ፣ በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ሠላሳ ልጆች መጡ…

እኔነኝ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው እህቱ ነርስነት ለመማር ሌላ ከተማ ሄደች። አስተርጓሚ የሌለበት ቤት እንዴት ይኖራል? ሁለት ሳምንት ሞከረው። በሦስተኛው ልብሱን በፌስታል አድርጎ ወጣና ብረት ብየዳ ቤት ተቀጠረ፤ ውሎ አድሮ የራሱን ከፈተ። የግቢ በር ነው የሚሠራው። እሱ የሠራው በር ሁሉ ጠንካራ ስፕሪንግ አለው፤ ሰው ካለፈ በኋላ ራሱ ይዘጋል። ደንበኞቹ "ተረከዜን መታኝ እኮ!" እያሉ ያማርራሉ። "ትለምደዋለህ" ይላቸዋል። ስፕሪንጉን አውልቅልኝ ያለውን ደንበኛ ግን ሌላ ብየዳ ቤት ይልከዋል።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። እህት ነርስ ሆና ተመለሰች። የእናት ልብ ደከመ፤ እግሯ አበጠ፤ ሦስት እርምጃ ስትሄድ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ ለእህቲቱ በሹክሹክታ "ጊዜው አጭር ነው" አላት። እኔነኝ በየሳምንቱ መድኃኒት ይዞ እስከ በሩ ይመጣል፤ ለእህቱ ይሰጣታል፤ "እንዴት አደረች?" ይላል፤ ይሄዳል። እናት ከውስጥ ድምፁን ትሰማለች። "መጥቶ ነበር?" ትላለች ከሄደ በኋላ። ለማን እንደምትል አይታወቅም። ታዲያ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ሊለያዩ ነው? የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር በመካከላቸው። የሃያ ደቂቃ መንገድና አሥራ ዘጠኝ ዓመት!

በዚያው ሰሞን ቲቸር ጭብጨባ ጡረታ ወጣች፤ ትምህርት ቤቱም ሽኝት አዘጋጀላት። እንዲህ ያለ ሽኝት ታይቶ አያውቅም! ሰማንያ ሰው ተብሎ አራት መቶ መጣ። ሽማግሌ የሚመስሉ ሰዎች "ያ የኔ ወንበር ነው!" እያሉ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተጣብቀው መነሣት አቃታቸው። ተራ በተራ እየተነሡ ያች አንደኛ ክፍል ምን እንዳደረገቻቸው ተናገሩ። አንድ ቀዶ ጥገና ሐኪም "ለታካሚዬ ተሳስቻለሁ ብዬ የነገርኩ ቀን የሆስፒታሉ ጠበቃ ራሱን ሳተ፤ ታካሚው ግን እስከ ዛሬ ወዳጄ ነው" አለ። አንዲት ሒሳብ ሹም ከሦስት መሥሪያ ቤት በሐቀኝነት መባረሯን በኩራት ተናገረች። አንድ ታክሲ ነጂ ቀይ መብራት ጥሶ ማንም ሳያየው ራሱ ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሄዶ "እኔ ነኝ" ብሎ ነበር፤ ፖሊሱም የቲቸር ጭብጨባ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። "መጀመሪያ አጨበጨበልኝ፣ ከዚያ ቀጣኝ!" ብሎ ሲናገር ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፖሊሱም ከኋላ "ማስተካከሉንም ያስተማረችን እሷ ናት!" ብሎ ጮኸ። ቲቸር ጭብጨባ በደስታ ፊቷ እንደ ልጅ ቀልቶ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ስም እየጠራች ታቅፋለች። እኔነኝ ጥግ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ቀድሞ ወጣ። እህቱን ግን ቲቸር አየቻትና ጎተት አድርጋ አቀፈቻት።

"እናታችሁስ? ለምን አላመጣችኋትም?"

"ታማለች ቲቸር። ልቧ ነው።"

"ውይ! እኔነኝ እንዴት ሆኖ ይሆን! እናቱን እንዴት እንደሚወድ…"

"እሱማ በር ላይ ደርሶ ነው የሚመለሰው" አለች እህት፣ የተለመደ ነገር እንደምትነግር ሁሉ። "አታናግረውም እኮ። በሩን ከከፈተ ጀምሮ።"

ቲቸር ጭብጨባ እጇ ላይ የነበረውን ኬክ የምታስቀምጥበት አጣች።

"እስከ ዛሬ?"

"እስከ ዛሬ።"

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደተናገረ አልሰማችም ይባላል። በማግስቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የስፌት ቤቱን በር አንኳኳች።

"ማነው?" አለች እናት ከአልጋዋ።

"እኔ ነኝ።"

"እንዴ፣ ቲቸር! በድምፅሽ ለየሁሽ እኮ። ግቢ፣ ግቢ!"

"አይ፣ እንደሱ አይደለም" አለች ቲቸር ጭብጨባ፣ መግቢያው ላይ እንደቆመች። "አጥፊዋ እኔ ነኝ ማለቴ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፌን የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

ተቀመጠች፤ ነገረቻት። መስታወቱን፣ አሥራ አንዱን ልጆች፣ በየትኛው እጅህ የሚለውን ጥያቄ። "በቀኜ አለኝ" አለች። "ያንቺ ልጅ! በቀኜ!"

እናት ተቆጣች። "ሕፃን ነው! ምን ያስታውሳል? በድንጋጤ ነው ያለው! አንቺ ደግሞ ዛሬ መጥተሽ…" አለችና አቋረጠች። ቀኝ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር። ጣቶቿ ታጠፉ፤ የሆነ ነገር እንደሚስቡ ሆኑ። ግራ ክንዷ ደረቷ ላይ ተጣበቀ፣ የተቆረጠ ጨርቅ እንዳቀፈ ሰው። ለረጅም ጊዜ እጆቿን አየቻቸው፤ የሌላ ሰው እጆች መሰሏት።

"ቀበቶ ረስታ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"ማን?"

"ደንበኛዬ… የልጇን ቀበቶ። ካውያው… ካውያው ግሎብኝ ነበር…" ከዚያ ከዚያች ሴት ጉሮሮ የወጣውን ድምፅ እንዴት ብዬ ልጻፈው? የሞተችውን ልጇን እንደገና ቀበረች፤ በዚያው ቅጽበት በሕይወት ያለውን ከመቃብር አወጣች። "ልጄ! ልጄን ምን አደረግኩት! ተነሥተሽ እግሬን አንሺልኝ፣ ጫማዬን ስጪኝ!"

"ሐኪሙ አትንቀሳቀሺ ብሏል አሉ…"

"ሐኪሙ ልጅ አለው?" አለች እናት፣ አንዱን ጫማ አጥልቃ።

ጎዳና ላይ ወጥተው ታክሲ ያዙ። እናት "ፍጠንልኝ የኔ ጌታ! ፍጠን!" ትላለች፤ ባለታክሲው የቲቸር ጭብጨባ የድሮ ተማሪ ኖሮ በመስታወቱ አይቷት ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ በደስታ ይሁን በፍርሃት አይታወቅም። ብየዳ ቤቱ ሲደርሱ እናት ማንንም ሳትጠብቅ ወረደች። የእኔነኝ የገዛ ሱቅ በር ላይ አንድ አፍታ አመነታች፤ ምን ብላ ትገባለች? በሩ ግን ስፕሪንግ አለው፤ ማመንታት አያውቅም፤ ከኋላዋ ገፋ አድርጎ አስገባት።

እሳቱ ጠፋ። ሰውየው የብየዳ ጭምብሉን ወደ ላይ ገለጠ። እናቱን አየ። ከዚያ ያደረገው ነገር የተሰበሰቡትን ሠራተኞች ሁሉ አስለቀሰ፤ ግራና ቀኝ ዞሮ እህቱን ፈለገ።

"እህቴ የለችም?" አለ። "ምን እንደምትይ…"

"ላንተ ነው የመጣሁት" አለች እናት ቀጥታ ወደ ዓይኑ እያየች። "ላንተ ነው የምናገረው። በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ እማዬ።"

"ታውቃለህ!"

"ደረጃው ላይ ነበርኩ እኮ። አጠገቤ ነው ያለፍሽው።"

"ታዲያ ለምን? ለምን ልጄ?"

ትልቁ ሰው፣ የሃያ ስድስት ዓመቱ ጎረምሳ፣ የግራ እጁን ጓንት አውልቆ አገላበጠው። "ማነው ማነው እያልሽ ስትዞሪ… መልሱን ካገኘሽ የምትሞቺ መሰለኝ" አለ። ከዚያ ጨመረ። "ደግሞ ማታ ይቅር የምትዪኝ መስሎኝ ነበር። ትምህርት ቤት እንደዛ ነበራ።"

ቲቸር ጭብጨባ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ከልማድ የተነሣ ሁለት እጆቿ ከፍ ብለው ነበር፤ ሳይነካኩ አወረደቻቸው። ይሄ የሚጨበጨብለት አልነበረም። እናት በጥላሸትና በዘይት የተለወሰውን ያን ግራ እጅ ይዛ ፊቷ ላይ አደረገችው፤ ቀና ስትል ጉንጯ ላይ አምስቱም ጣቶች ታትመው ነበር። ሳምንት ሙሉ ፊቴን አልታጠብም አለች ይላሉ።

ከዚያ የሆነውን ላውራችሁ! ሐኪሙ የሳምንታት ዕድሜ ቀርቷታል ያላት እናት አራት ወር ኖረች፤ አራቱንም ወር አወራች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችው ንግግር ነበራ! በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ትደውልለታለች። "ቁርስ በልተሃል? ምን? ከምን ጋር? ዳቦው ትኩስ ነው? ያ ሳልህ ተወህ? ሰባት ዓመትህ ላይ ተረከዝህ ተቆርጦ የቀረብህ ጠባሳ አለ ወይስ ጠፋ? አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላህ ድምፅህ ሲጎረንን ሰምቼ መጋረጃው ሥር ሳለቅስ ነበር፣ ነግሬህ አላውቅም!" ሠራተኞቹ ስልኩ ሲጮህ "ጋዜጣው መጣ" ይላሉ። እሱ ግን አንድም ጥሪ አሳልፎ አያውቅም። ሲያዳምጥ ውሎ ሲያዳምጥ ያመሻል። መናገሩን ግን አልለመደውም፤ ልጅነቱን በሙሉ "እሺ በያት" እያለ ያደገ ሰው ምን ያውራ?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን እሱ ደወለ! እህቱ ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ ያዘችላት። "እማዬ! እማዬ ስሚኝ!" ድምፁ ያ ቦርሳ ያንጠለጠለው ልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። "ትምህርት ቤቱ ሥራ ሰጠኝ! ለሕፃናቱ መንሸራተቻ ሥራልን አሉኝ! ትልቅ ነው፣ ሁለት ሰው ተኩል ያህል ይረዝማል! ብረቱን ማጠፍ አቅቶኝ ሦስት ቀን ስታገል ዛሬ መላ አገኘሁ፤ ከሥር በኩል ቀስ እያልኩ ማሞቅ ነው። ሰማሽ? ጠርዙን ደግሞ በክብ ቱቦ እሸፍነዋለሁ፣ እጅ እንዳይቆርጥ። ደረጃው ስንት ይሁን አልኩ፤ ስድስት አሉኝ፤ አይ ዘጠኝ አልኳቸው፣ ለትንሽ ልጅ ስድስት ይርቃል! መጨረሻው ላይ ቀጥ ብሎ እንዳይጥላቸው ትንሽ ቀና አደርገዋለሁ፣ በእግራቸው ቆመው ነው መሬት የሚደርሱት። ቀለሙን ቢጫ ላድርገው ብዬ ነበር፣ ከዚያ ሳስበው ቀይ። ምን ትያለሽ? በዝናብ ጊዜ ውኃው እንዳይቆም ሦስት ቀዳዳ…" እንዲህ እያለ ሄደ። ትንፋሽ አልወሰደም። በሕይወቱ እንደዚያ አውርቶ አያውቅም። ስለ ብሎኑ አወራ፣ ስለ ቀለሙ አወራ፣ ሰኞ ስለሚጀምረው ሥራ አወራ፤ አውርቶ አውርቶ በመጨረሻ "ምን ይመስልሻል እማዬ?" አለ።

መልስ የለም።

"እማዬ?"

ስልኩን እህቱ አነሣችው። ነርስ ናት፤ ከመናገሯ በፊት የእናቷን አንገት ነክታ ነበር። "ሰምታሃለች" አለችው። "ቀይ ይሁን ስትል ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ… ፈገግ እንዳለች ነው ወንድሜ። እስከ መጨረሻው ሰምታሃለች።"

ሰኞ ሥራው አልተጀመረም፤ ሐሙስ ተጀመረ። ዛሬ መንሸራተቻው በትምህርት ቤቱ ግቢ መሐል ቆሟል፤ ቀይ ነው፤ ደረጃው ዘጠኝ ነው። ዕድል ለአንዳንዱ እናትና ልጅ ሃምሳ ዓመት ይሰጣል፤ እነሱም ስለ ጨውና ስለ ዘይት ተነጋግረው ይጨርሱታል። ለነዚህኞቹ አራት ወር ሰጠ። ያንሳል? አዎ ያንሳል! በጣም ያንሳል! አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት በዚያ ግቢ በኩል ብታልፉ ግን የሕፃናቱ ጩኸት መንገዱን ያናውጠዋል። ወረፋ የሚጋፋው ይጋፋል፣ የሚያለቅሰው ያለቅሳል፣ ከላይ የቆመችው አንዲት ጥርሰ ወላቃ "ልቀቁኝ፣ መጣሁ!" ትላለች፤ ሁሉም በእግሩ ቆሞ ነው መሬት የሚደርሰው።